ወረቀቱ ላይ «አዴኖስኳመስ» ይላል፦ ስለ ድብልቅ የማህፀን በር ካንሰር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓቶሎጂ ክፍል (ከታማሚ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚታይበት) ስለምሠራ ወዳጅ ዘመድ የምርመራ ወረቀት ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ይልክልኛል። «እስቲ ይቺን እዪልኝ፣ ሐኪሙ ሰው በዝቶበት በደንብ አላስረዳኝም» ይሉኛል። ከሚላኩልኝ ወረቀቶች መካከል አልፎ አልፎ «አዴኖስኳመስ ካርሲኖማ» የሚል ይመጣል። ቤተሰቡ ስልኩን ከፍቶ ይፈልጋል፤ በአማርኛ የሚያገኘው ስለ ተለመደው ዓይነት ብቻ ነው፣ በውጭ ቋንቋ የሚያገኘው ደግሞ ወይ አይገባም ወይ ያስደነግጣል። ስለዚህ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሕክምናውን የሚወስነው የያዛችሁ ሐኪም ነው። እኔ የምፈልገው እሱ ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

ድብልቅ ማለት ሁለት ካንሰር ይዞኛል ማለት ነው?

አይደለም። አንድ ካንሰር ነው፣ ሁለት መልክ ያለው።

በማይክሮስኮፕ ስናየው አንዱ ቦታ ላይ እንደ ቆዳ ሴል የተነጠፉ ጠፍጣፋ ሴሎች እናያለን፤ እነዚህን «ስኳመስ» እንላቸዋለን። ትንሽ ፈቀቅ ስንል ደግሞ ክብ ሠርተው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩ ሴሎች ይመጣሉ፤ ከእነሱ የሚነሳው ካንሰር «አዴኖካርሲኖማ» ይባላል። ሁለቱም በአንድ ዕጢ ውስጥ በግልጽ ሲታዩ ስሙ ተጣምሮ «አዴኖስኳመስ» ይሆናል። «በግልጽ» የምትለዋ ቃል ከባድ ናት። ስኳመስ ካንሰር ውስጥ በልዩ ቀለም ተፈልጎ አንድ ሁለት ጠብታ ዝልግልግ ፈሳሽ ስለተገኘ ብቻ ድብልቅ አይባልም።

እርግጥ በጣም አልፎ አልፎ ለየብቻ የተነሱ ሁለት ካንሰሮች አድገው አድገው የሚጋጠሙበት ጊዜ አለ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስሙም ሌላ ነው።

ምን ያህል ያጋጥማል?

ከማህፀን በር ካንሰር አብዛኛው ስኳመስ ነው። አዴኖካርሲኖማ ሁለተኛ ነው። አዴኖስኳመስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከ100 ታማሚ 5 ወይም 6 ገደማ ነው። ቀሪዎቹ ድብልቆች ከዚህም በጣም ያነሱ ናቸው። እኛ አገር የማህፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ስለሆነ፣ ከመቶ 5 ማለት ወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም በሰው ሲቆጠር ትንሽ አይደለም።

ግን አንድ ካንሰር እንዴት ሁለት ዓይነት ሴል ይኖረዋል? ከየት ነው የሚነሳው?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

የማህፀን በር ሁለት ልብስ አለው። ወደ ብልት በኩል የሚታየው ውጫዊ ክፍል በብዙ ንብርብር ጠፍጣፋ ሴሎች የተሸፈነ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግጭት ይችላል። ወደ ማህፀን የሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ በአንድ ረድፍ ቀጫጭን ሴሎች የተለበጠ ነው፤ የእነሱ ሥራ ዝልግልግ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ሁለቱ ልብሶች የሚገናኙበት ድንበር አለ። ይህ ድንበር ዕድሜ ልክ አንድ ቦታ አይቆምም። በጉርምስናና በእርግዝና ጊዜ የውስጡ ስስ ሽፋን ወደ ውጭ ይገለበጥና የብልት አሲድ ያገኘዋል። አሲዱን ስለማይችለው ቀስ በቀስ በጠፍጣፋ ሴሎች ይተካል። ይህ መተካት የተፈጥሮ ሥራ ነው፣ በሽታ አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር ግን በአብዛኛው የሚነሳው ይህ መተካት ከሚካሄድበት ክልል ነው።

ተተኪዎቹን የሚያወጡት «ተጠባባቂ ሴሎች» ይባላሉ። ስማቸው ራሱ ይገልጻቸዋል። ፈሳሽ ከሚያመነጩት ሴሎች ሥር ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ጉዳት ሲደርስ ተነስተው ቦታ የሚሸፍኑ ናቸው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በሙያው ውስጥ የኖረው አስተሳሰብ፣ ተጠባባቂ ሴል ጠፍጣፋ ሴልም ፈሳሽ አመንጪ ሴልም መሆን ይችላል የሚል ነው። እንደዚያ ከሆነ የድብልቁ ምስጢር ቀላል ነው፦ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ (ኤችፒቪ) የያዘው መንገዱን ገና ያልመረጠ ሴል ነው፣ ሴሉ ካንሰር ሲሆን ልጆቹ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ሄዱ።

በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቦስተን ላይ የሚካኤል ሄርፍስና የክሪስቶፈር ክረም ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። ድንበሩ ላይ ብቻ የሚገኙ፣ ከፅንስ ጊዜ የተረፉ የሚመስሉ ጥቂት ሴሎች አሉ፤ ስኳመስም ሆነ አዴኖካርሲኖማ የእነዚህን ሴሎች ምልክት ይዘው ይገኛሉ። የሚገርመው ደግሞ ክልሉ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ እነዚህ ሴሎች ተመልሰው አለመብቀላቸው ነው።

ከዚያ በ2021 ከበርሊን ማክስ ፕላንክ የኢንፌክሽን ባዮሎጂ ተቋም የተነሳ ሥራ ነገሩን ትንሽ አወዛገበው። እንደ እነሱ ጥናት ሁለቱ ልብሶች የየራሳቸው ስቴም ሴል (ሌሎቹን ሴሎች የሚያወጣ መነሻ ሴል) አላቸው፣ ዘራቸውም ለየብቻ ነው። በፈሳሽ አመንጪዎቹ ሥር የተደበቁት ተጠባባቂዎች የጠፍጣፋው ወገን ናቸው፣ የሚያስነሳቸውም ዙሪያቸው ያለው የኬሚካል መልእክት መለወጥ ነው ይላሉ። ሁለቱ ሐሳቦች እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልታረቁም። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ድብልቅ ካንሰሮቹ ራሳቸው የሚመሰክሩ ይመስለኛል። በሁለቱም መንገድ መሄድ የሚችል ሴል እዚያ ባይኖር ኖሮ፣ ወይም ካንሰሩ ራሱ ያንን ችሎታ ባያገኝ ኖሮ፣ በየጊዜው ማይክሮስኮፕ ሥር የማያቸው ነገሮች አይኖሩም ነበር።

አንድ ማስረጃ ልጨምር። በ2000 «ስማይል» በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራ ቅድመ ካንሰር ተገለጸ። አወቃቀሩ እንደ ጠፍጣፋው ንብርብር ነው፣ ግን እያንዳንዱ ንብርብር ውስጥ ዝልግልግ ፈሳሽ የያዙ ሴሎች አሉ። ገና ካንሰር ሳይሆን፣ ገና ሳይወር፣ ሁለቱን ባሕርይ በአንድ ላይ ይዞ ተገኘ። መነሻው ተጠባባቂ ሴል ነው ተብሎ የሚታሰበውም ለዚህ ነው።

ከአንድ ሴል መነሳቱን በምን አወቃችሁ?

ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። ሴት በእያንዳንዱ ሴሏ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፣ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከአባቷ። ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች እያንዳንዱ ሴል ከሁለቱ አንዱን ዝም ያሰኛል፤ አንዱ ሴል የእናትን፣ ሌላው የአባትን። ከዚያ በኋላ የዚያ ሴል ልጅና የልጅ ልጅ ሁሉ ያንኑ ዝም እንዳሰኘ ይኖራል። ስለዚህ ጤነኛ ሥጋ ቅልቅል ነው። ከድብልቁ ካንሰር ላይ የስኳመሱን ክፍል ለብቻ፣ የአዴኖውን ክፍል ለብቻ ቆርጠው ሲመረምሩ ሁለቱም ያንኑ አንዱን ኤክስ ዝም አሰኝተው ይገኛሉ። ያ የአንድ እናት ሴል ልጆች መሆናቸውን ያመለክታል። ቫይረሱም ሌላ ምስክር ነው። የቫይረሱ ዘረመል በሰው ክሮሞዞም ውስጥ የሚሰካበት ቦታ በሁለቱም ክፍል አንድ ሆኖ ከተገኘ፣ በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል።

መንስኤውስ? እሱም ኤችፒቪ ነው?

አዎ፣ የአዴኖስኳመስ መንስኤ በአብዛኛው ያው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ይህን ቫይረስ ከማህፀን በር ካንሰር ጋር ያገናኘው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 ለሥራው ኖቤል ተሸልሟል። ስኳመስ ላይ ዓይነት 16 ይበረታል። ፈሳሽ አመንጪ ሴል ያለባቸው ካንሰሮች ላይ ግን ዓይነት 18 ድርሻው ከፍ ይላል፣ አዴኖስኳመስም ወደዚያው ያዘነብላል።

እባካችሁ ከዚህ ተነስታችሁ ማንንም አትጠርጥሩ። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፣ ግን በጣም የተለመደ ስለሆነ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፣ አብዛኛውም ሳያውቀው ይለቀዋል። ካንሰር እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ትዳር ውስጥ «ከየት አመጣሽው» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚመልሰው የለም፣ የታመመችውን ሴት ብቻ ይጎዳል።

ወረቀቱ ላይ «ግላሲ ሴል» ይላል። ሌላ ስምም አይቻለሁ። እነዚህስ ምንድን ናቸው?

በዚያው አካባቢ የሚኖሩ ዘመዳሞች ናቸው፣ ጠባያቸው ግን አይመሳሰልም።

ግላሲ ሴል በ1956 በግሉክስማንና በቼሪ የተገለጸ ነው። የሴሉ ውስጥ እንደ ተፈጨ መስታወት ስለሚመስል ነው ስሙ። በደንብ ያልበሰለ አዴኖስኳመስ ተደርጎ ይታያል፣ በአንጻራዊነት ወጣት ሴቶችን ይይዛል፣ ፈጣንም ነው። በድሮ ጽሑፎች ላይ በጣም የሚያስፈራ ነገር ታነባላችሁ፤ ጨረርና ኬሞ አብረው መሰጠት ከመጀመራቸው በፊት የተጻፈ ስለሆነ ዓመቱን ሳታዩ አትደንግጡ።

አዴኖይድ ቤዛል ደግሞ ተቃራኒው ነው። ብዙ ጊዜ የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ፣ ምንም እብጠት ሳይታይ፣ ለሌላ ነገር በተወሰደ ናሙና ላይ ይገኛል። ለብቻው ከሆነ በጣም ዝግተኛ ነው። ከሌላ ካንሰር ጋር ተደባልቆ ሲገኝ ግን የሚፈራው ያ ሌላው ነው።

ኒውሮኢንዶክራይን (ሆርሞን አመንጪ ሴል የሚመስል ካንሰር)፣ በተለይ «ስሞል ሴል» የሚባለው፣ ከማህፀን በር ካንሰር ከመቶ 1 ወይም 2 ገደማ ቢሆን ነው። አንዳንዴ ከአዴኖካርሲኖማ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ይህ ቃል ወረቀቱ ላይ በትንሽ ፊደል ቢጻፍ እንኳ አትለፉት። «ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው» ቢባልም ሕክምናውን ይለውጣል፣ ምክንያቱም ቶሎ በደም ይሰራጫል።

ካርሲኖሳርኮማ የሚባልም አለ። ከሽፋን ሴል የሚነሳ ካንሰርና የጡንቻ ወይም የአጥንት ዓይነት መልክ ያለው ካንሰር አንድ ላይ ሆነው ሲገኙ ነው። ሁለት የተለያየ ይመስላል እንጂ በአብዛኛው የጡንቻ ወይም የአጥንት መልክ ያለው ክፍል (ሳርኮማው) ከሽፋን ሴሉ ካንሰር ተለውጦ የመጣ ነው። ማህፀን በር ላይ በጣም ብርቅ ነው።

ባዮፕሲው «ስኳመስ» ብሎ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስሙ ተቀየረ። ተሳስተው ነው?

ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ባዮፕሲ ማለት ከትልቅ ነገር ላይ የተቆነጠረች ትንሽ ቁራጭ ናት፣ የጤፍ ማሳ ዳር ላይ ቆሞ አንድ እፍኝ እንደመዝገን ነው። እፍኟ ከስኳመሱ ክፍል ከመጣች ስኳመስ እንላለን። ማህፀኑ ወጥቶ ሙሉው ሲታይ ሌላው ክፍል ይገለጣል።

በጣም የታወቀ ታሪክ ልንገራችሁ። ሄንሪዬታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በ1951 ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። ከማህፀን በሯ ላይ የተወሰደው ናሙና ስኳመስ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በ31 ዓመቷ ሞተች። ሳትጠየቅ የተወሰደው ሥጋዋ ላብራቶሪ ውስጥ ማደጉን ቀጠለና «ሄላ» የሚባሉት ሴሎች ዓለምን ሞሉ። 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ የመጀመሪያው ናሙና እንደገና ሲታይ አዴኖካርሲኖማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም በሴሎቿ ውስጥ ያ ዓይነት 18 ቫይረስ ተገኘ። በዚያ ዘመን ለሁለቱም የሚሰጠው ራዲየም የሚባል የጨረር ሕክምና ስለነበር ስሙ ቢስተካከል ሕክምናዋ አይለወጥም ነበር። ግን በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የተጠናው የማህፀን በር ካንሰር እንኳ ስሙ መጀመሪያ ተስቶ እንደነበር እወቁት። እና ውጤቱ በሌላ ባለሙያ ዳግም ይታይልኝ ማለት ነውር አይደለም፣ እኛም አንቀየምም።

ድብልቁ ከተለመደው ይከፋል?

ጥናቶቹ አይስማሙም። አንዳንዶቹ አዴኖስኳመስ ከስኳመስ ይልቅ ቶሎ ወደ ንፍፊት ይሄዳል፣ ለጨረርም ያን ያህል አይመልስም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ደረጃው እኩል ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው ወይም የለም ይላሉ። ከስሙ ይልቅ ዕድልን የሚወስነው ደረጃው ነው፦ ዕጢው ስንት ሴንቲሜትር ነው፣ ከማህፀን በር ወጥቷል ወይ፣ ንፍፊት ነክቷል ወይ። የመጀመሪያ ደረጃ ላይ የተያዘ አዴኖስኳመስ ዘግይቶ ከተያዘ ተራ ስኳመስ በጣም ይሻላል። ሐኪማችሁን መጀመሪያ የምትጠይቁት ደረጃውን ይሁን።

ሕክምናውስ ይለያል?

ለአዴኖስኳመስ በአብዛኛው አይለይም። ገና ትንሽ ከሆነ ቀዶ ጥገና ነው፣ ማህፀኑ ከዙሪያው ጋር ይወጣል፣ ንፍፊቶቹም ይታያሉ። ከገፋ ጨረርና በየሳምንቱ የሚሰጥ ሲስፕላቲን የሚባል የኬሞ መድኃኒት አብረው ይሰጣሉ። ይህ ጥምረት ከ1999 ወዲህ ነው በዓለም ዙሪያ የተለመደው። ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ብቻውን አይበቃም፣ ከውስጥ የሚሰጥ ብራኪቴራፒ የሚባልም አለ፣ እሱ እንዳይዘለል ጠይቁ።

ስሞል ሴል ካለበት ግን ሌላ መንገድ ነው። ሲስፕላቲን ኢቶፖሳይድ ከሚባል ሌላ የኬሞ መድኃኒት ጋር ይሰጣል፣ ልክ እንደ ሳንባው ስሞል ሴል። ለዚህ ነው ወረቀቱ በትክክል መነበብ ያለበት።

እኛ አገር ጨረር ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ወረፋው ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። አሁን በክልል ከተሞችም ተጀምሯል። ሪፈር ሲጻፍላችሁ የትኛው ቅርብ እንደሆነና ማሽኑ እየሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ በስልክ አጣሩ።

በየጊዜው እየተመረመርኩ እንዴት አልታየም?

ይህን ስጠየቅ ሁሌም ያመኛል። በየጤና ጣቢያው የሚደረገው ምርመራ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው፤ የተለወጠው ቦታ ይነጣል። ርካሽ ነው፣ ወዲያው ውጤት ይሰጣል፣ ብዙ ሴት አድኗል። ግን ዓይን የሚያየው ውጭውን ነው። ፈሳሽ አመንጪ ሴሎቹ ያሉት መተላለፊያው ውስጥ ስለሆነ እዚያ የተደበቀ ነገር አይነጣም፣ አይታይም። ከማህፀን በር የተጠረገ ሴል በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ፓፕ ስሚርም ቢሆን ከስኳመሱ ይልቅ የዚህን ወገን ነገር ይስታል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የኤችፒቪ ምርመራ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ሴሉ የትም ቢደበቅ ቫይረሱን ያገኛል። ናሙናውንም ሴትዮዋ ራሷ መውሰድ ትችላለች። ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ከቫይረሱ ጋር ያልተያያዙ ጥቂት አዴኖካርሲኖማዎች ስላሉ እሱም ቢሆን ሁሉንም አይዝም።

ስለዚህ ምርመራው ደህና ቢልም፣ ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከመጣ፣ ወይም ውሃ መሰል ብዙ ፈሳሽ ካልቆመ ተመለሱ። «ባለፈው ደህና ነው ተብያለሁ» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ።

ናሙናውን በብልቃጥ ይዤ ወደ ላብራቶሪ የምሄደው እኔ ነኝ። ምን ልጠንቀቅ?

ሦስት ነገር። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፎርማሊን መሆኑን ጠይቁ፣ ውሃ ወይም ግሉኮስ ከሆነ ሥጋው ይበላሻል፣ ከዚያ ማንም ሊያነበው አይችልም። ፎርማሊኑ ሥጋውን በደንብ ይሸፍነው። ስም፣ ዕድሜና ከየት እንደተወሰደ ብልቃጡ ላይ ራሱ ይጻፍ፣ ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይቀያየራል። ቶሎ አድርሱ፣ ፍሪጅ ውስጥም አታስቀምጡት።

ለሕክምና ሕንድ ልንሄድ ነው። ወረቀቱ ይበቃል?

አይበቃም። ሥጋው በሰም ተይዞ የተቀመጠበትን «ብሎክ» እና ከሥጋው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የታየባቸውን መስታወቶች ከላብራቶሪው ጠይቁ። እዚያ ሲደርሱ እንደገና አይተው፣ እዚህ በሁሉም ላብራቶሪ የማይገኘውን የፕሮቲን ቀለም ምርመራ ይሠሩበታል። ብሎኩ ከሌለ ዳግም ባዮፕሲ ይወስዳሉ፣ ጊዜም ገንዘብም ይሄዳል። ብሎክ ሙቀት አይወድም፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት።

ልጄም ይይዛት ይሆን?

ይህ ካንሰር በአብዛኛው በዘር አይሄድም። ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ቫይረሱ ነው፣ ለእሱ ደግሞ ክትባት አለ። አገራችን የጀመረችው በታኅሣሥ 2018 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ መጀመሪያ ለ14 ዓመት ልጆች። ክትባቱ ዓይነት 16ንም 18ንም ይከላከላል። በዓይን የማይታየውን፣ መተላለፊያው ውስጥ የሚደበቀውን ይህን ወገን የሚያስቀረው ከሁሉም በላይ እሱ ነው። ትምህርት ቤት የፈቃድ ወረቀት ሲመጣ ፈርሙላት። መካን ያደርጋል የሚባለው ወሬ ውሸት ነው። ስታድግ ደግሞ፣ 30 ሲሞላት ወይም ኤችአይቪ በደሟ ካለ ከ25 ጀምሮ፣ ምርመራው አይቀርም፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረስ ዓይነት አይሸፍንም።